ወደ ድሮው ቦታ

ሽቦን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ለማታውቋት ባጭሩ ልንገራችሁና ወደ ጉዳችን እንግባ። ሽቦ በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት የማሽን ክፍል ባለሙያ ናት። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ቀጭን ስለሆነችና ኪሷ ሽቦ አጥቶ ስለማያውቅ ባልደረቦቿ የለጠፉባት ነው። አባቷ የዚያው መሥሪያ ቤት ዘበኛ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት የመሥሪያ ቤቱን መሐንዲስ ወደደች። እሱም ወደዳት፤ ያውም እንዴት አድርጎ! ችግሩ መሐንዲሱ የዋና ሥራ አስኪያጇ አንድ ልጅ መሆኑ ነው። ሥራ አስኪያጇን ሠራተኛው ከኋላዋ "ወይዘሮ ዋና" ይላታል። እኔም አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልላትም። ለምን እንደማልላት ትደርሱበታላችሁ።

ወይዘሮ ዋና የልጇንና የዘበኛውን ልጅ ነገር በሰማች በሳምንቱ መሐንዲሱ ተራራ ላይ ወዳለው የፓምፕ ጣቢያ ተዛወረ። "እጽፍልሻለሁ" ብሎ ሄደ። አምስት ወር ጻፈ። ከዚያ ጭጭ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ጭጭ! ይኸው ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ የቴክኒክ ኃላፊ ሆኖ፣ ከረባቱን አስሮ ተመለሰና ሽቦን "እርስዎ" ይላት ጀመር። እርስዎ! በአንድ ብርጭቆ አብሯት ውሃ ሲጠጣ የነበረ ሰው።

ሽቦ አላለቀሰችም። ልቅሶውን ድሮ ጨርሳዋለች። ቂሟን ቋጥራ፣ ጥርሷን ነክሳ ቀኗን ትጠብቅ ነበር። ቀኗም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አራት ገጽ ወረቀት ሆኖ ጠረጴዛዋ ላይ መጣላት።

ወረቀቱ የነገውን ሥራ የሚያስረዳ መመሪያ ነው፤ ያዘጋጀው መሐንዲሱ። ሽቦ አንብባ "ተመልክቻለሁ" ብላ መፈረም አለባት። ሥራው እንዲህ ነው። የዋናው ማሽን፣ የኮምፒውተሩ ማለቴ ነው፣ ፕሮሰሰር፣ ስሌት የሚሠራው አንጎሉ፣ ከፋብሪካው ጀምሮ ጉድለት አለበት፤ አንዳንድ ስሌት ላይ ይስታል። የላይ ሰፈር ታንከር ባዶውን ቀርቶ ማሽኑ "ግማሽ ነው" ይላል፤ ፓምፑም አምኖት ይተኛል፤ ሰዉ ጀሪካን አንጠልጥሎ ይንከራተታል። ይህን የሚያርመው ማይክሮኮድ የሚባለው ነገር ነው። ፕሮሰሰሩን "እንዲህ ሥራ" የሚለው ትንሽ መመሪያ ማለት ነው፤ የታረመው እትም ከአምራቹ መጥቷል። አሁን የቀረው ወደ ፕሮሰሰሩ ማስገባት ብቻ ነው። እሱንም ነገ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ መሐንዲሱ በገዛ እጁ ያደርገዋል፤ እናቱና የቦርድ አባላቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው እያዩት።

ሽቦ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ተተከለ። ደግማ አነበበችው።

ቦታው ስህተት ነበር።

ትንሽ ታገሡኝ፣ ይቺን ካላስረዳኋችሁ የኋላው ነገር አይጥማችሁም። በዚያ ማሽን ውስጥ ፕሪንተሩም፣ ዲስኩም፣ ፕሮሰሰሩም እያንዳንዳቸው በር አላቸው። በሩ ፋይል ይመስላል፤ እዚያ ላይ የጻፍከው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ዕቃው ይሄዳል። ድሮ እነዚህ በሮች ያለ ሥርዓት የተበተኑ ነበሩ፤ የመጣው ሁሉ ባሻው ቦታ ባሻው ስም የተከላቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ሽቦ ቁጭ ብላ መልክ አስያዘቻቸው። የፕሪንተሩን ከፕሪንተር፣ የዲስኩን ከዲስክ፣ የፕሮሰሰሩንም ለብቻው በተሠራለት ማውጫ፣ የፋይሎች መደርደሪያ በሉት፣ ውስጥ አኖረች። የድሮዎቹን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። መሐንዲሱ ያኔ ተራራ ላይ ነው፤ እጁ የሚያውቀው የድሮውን ቦታ ነው።

የከፋው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ያ ማሽን "በሩ የለም" አይልም። በሌለ በር ስትጽፍለት በዚያው ስም ተራ ፋይል ይፈጥርና የሰጠኸውን ሁሉ እዚያ አጉሮ፣ ያለ ምንም እፍረት "ተጠናቋል" ይልሃል። ፕሮሰሰሩ ወሬውንም አልሰማ።

ሽቦ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ነገን በዓይኗ አየችው። መሐንዲሱ ቁልፉን ይጫናል። "ተጠናቋል" ይላል ማሽኑ። ይጨበጨባል። ከዚያ የሙከራ ስሌቱ ይሰጠዋል፤ ፕሮሰሰሩም እንደ ልማዱ ይስታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የመሐንዲሱ ፊት ይለዋወጣል፤ የወይዘሮ ዋና ደግሞ... ወይ የወይዘሮ ዋና ፊት! እሰይ፣ አለች በሆዷ። አንድም ቃል አልተነፍስም። እሱ ሁለት ዓመት ተኩል ዝም ካለኝ እኔ አንድ ቀን ዝም ብል ምን አለበት?

በሩ ተንኳኳና ራሱ ገባ። ከድሮው ከስቷል፤ ጸጉሩ ዳር ዳሩን ሸበት ብሏል። እንዳላየ ሆና አየችው።

"አዩት?" አላት ወረቀቱን በአገጩ እያሳየ።

"አይቼዋለሁ።"

"የሚስተካከል ነገር አለው?"

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፤ የሚጠብቅ፣ ሊለምን ምንም ያልቀረው ነገር። ሽቦ ግን ንቀት ነው ብላ ወሰደችው። የተናደደ ሰው ያሻውን ነው የሚያየው።

"ምንም የለውም" አለችው።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"የተላከልኝን ጽሑፍ ማንበብ አያቅተኝም።"

መሐንዲሱ በጥፊ የተመታ ያህል ክው አለ። ከንፈሩ ነጣ።

"እሱንስ አውቃለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ማንበቡ መች አቃተዎት። መልሱ ነው እንጂ።"

ይህን ብሎ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ሽቦ የተከፈተውን በር አፈጠጠችበት። መልስ? የምን መልስ? ማን ነው ለማን መልስ ያልሰጠው? ኧረ ዓይን አውጣ! ደሟ ፈላ። ብዕሯን አንስታ "ተመልክቻለሁ" ከሚለው ሥር ስትፈርም ወረቀቱ ተቀደደ። እንዲህ ጠልቼው አላውቅም፣ አለች ለራሷ፤ እጇ ግን እሱ ነክቶት የነበረውን የጠረጴዛውን ጠርዝ እየዳበሰ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሽቦ ሳይነጋጋ ተነስታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ በር ደረሰች። አባቷ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል።

"ዛሬ ምነው ማለድሽ የኔ ልጅ?"

"ሥራ አለ አባባ።"

"ያ ልጅ ትልቅ ቀን አለው አሉ ዛሬ። እግዜር ይርዳው።"

"እሱን ነው የሚረዳው?" አለች ሽቦ ቱግ ብላ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ በር ሲገባ ሲወጣ አንድ ቀን ቀና ብሎ ሰላም ብሎሃል?"

አባቷ መዝጊያውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ይህን በር ባየች ቁጥር ሽቦ ያን ቀን ታስታውሳለች። ወይዘሮ ዋና መኪናዋን እዚሁ አቁማ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ በአባት ዕድሜ ያሉትን ሰው "አንተ! በር መክፈት ያንተ ሥራ ነው። ልጅህ ግን የማይከፈትላትን በር እንዳታንኳኳ ንገራት" ያለችበትን ቀን። አባቷም ኮፍያቸውን አውልቀው "እሺ እመቤቴ" አሉ። ያቺ "እሺ" እስከ ዛሬ የሽቦን አንጀት ትልጣለች። እኔም ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ አንቱታዬን ለዘበኛው አድርጌዋለሁ።

በሳምንቱ ደግሞ ወይዘሮ ዋና ሽቦን ቢሮዋ ጠራቻት። አላስቀመጠቻትም። "ልጄ ቀለበት አስሯል" አለቻት፤ "ከእንግዲህ እሱን እየጠበቅሽ ዕድሜሽን አትፍጂ፤ ላንቺው ብዬ ነው።" ሽቦ አላመነችም ነበር። ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ደብዳቤው ቆመ። ካልሆነ ለምን ይቆማል? ስለዚህ አመነች። ካመነች በኋላ ደግሞ እሷም አልጻፈችለትም፤ ሴትዮዋን ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ቂሟን ታቅፋ ቁጭ አለች።

ማሽን ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። የመጣችው ወጥመዷን ለመፈተሽ ነው። የፕሮሰሰሩ የድሮ በር እውነት መነቀሉን በዓይኗ ካላረጋገጠች አያስችላትም፤ የበቀል ሥራም ቢሆን ጥራት ይፈልጋል ባይ ናት። የድሮውን ማውጫ ከፈተችና በውስጡ ያለውን ሁሉ ዘረዘረች። የፕሮሰሰሩ በር የለም። ጥሩ። ባዶ መሆን ነበረበት፤ ማውጫው በጠቅላላ ባዶ መሆን ነበረበት።

ባዶ አልነበረም። አንድ ስም ብቻውን ተቀምጧል። የፕሪንተሯ የድሮ ስም።

ይህቺ ፕሪንተር የሽቦ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ትንሿ ናት። ከጣቢያዎቹ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ታትማለች። አንድ የምሥጢር ሥራም ነበራት። ተራራው ላይ ያለው ብቸኛ የስልክ መስመር የማሽኑ ነው፤ ፖስታ ደግሞ በወይዘሮ ዋና ጸሐፊ እጅ ያልፋል። ስለዚህ መሐንዲሱ ማታ ማታ ከሥራ መውጫ ላይ፣ ጣቢያው ሪፖርቱን ሲልክ፣ ከሪፖርቱ ኋላ ደብዳቤውን በፕሪንተሯ በር ይልከው ነበር። ፕሪንተሯ ክርርር ስትል ሽቦ ሮጣ ወረቀቱን ትገነጥላለች፤ ወዲያው "ደርሶኛል" የምትል አንዲት ቃል ትመልስለታለች። ሁልጊዜ። ስምምነታቸው ነበር።

"ይሄን እኮ ነቅዬዋለሁ" አለች ጮክ ብላ፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። በራሷ እጅ ነው የነቀለችው። ጠጋ ብላ መስመሩን አየችው። የመሣሪያ በር ቢሆን በመስመሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ፊደል ይኖር ነበር። ይሄ ሰረዝ ነው ያለው። ተራ ፋይል ነው። ደግሞም ትልቅ። ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈበት ቀን ከሃያ ስድስት ቀን በፊት።

ከፈተችው።

"ሽቦዬ፣ ትናንት ለጻፍኩት ‘ደርሶኛል’ አልመጣልኝም። ወረቀት አልቆባት ይሆን? ያቺ ፕሪንተር ስትፈልግ ትሠራለች ስትፈልግ ትተኛለች፣ ልክ እንዳንቺ..."

"ሽቦ፣ ሳምንት ሆነሽ። አሞሽ ነው? ማሽኑ ‘ተጠናቋል’ እያለኝ ነው፤ ስለዚህ እየደረሰሽ ነው። አንዲት ቃል፣ በሞቴ..."

"እማዬ እዚህ ድረስ መጥታ አንዲት ልጅ አጭቼልሃለሁ አለችኝ። ‘ልቤን አስቀድሜ ሰጥቻለሁ’ አልኳት። የመኪናዋን በር ፊቴ ላይ ጠረቀመችብኝ። አስቂኝ ነው፤ አንቺ ብትኖሪ ስትስቂ እሰማሽ ነበር..."

"እዚህ ያለው ማሽን መብራት በጠፋ ቁጥር የተሰጠውን ማይክሮኮድ ይረሳዋል። በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ እነግረዋለሁ፤ ሰልችቶኝ አያውቅም። አንቺም ረስተሽኝ ከሆነ ችግር የለም። እንደ አዲስ እነግርሻለሁ።"

ሽቦ አፏን በእጇ አፈነች። ከመቶ በላይ ነው። በየሳምንቱ፣ አንዳንዴ በየቀኑ። የተቆጣበት አለ፣ የለመነበት አለ፣ ስለ ፓምፕ ዘይት ብቻ ያወራበት አለ። አንዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ "እማዬ አባትሽን በሩ ላይ ያለቻቸውን ዛሬ ሰማሁ። በየትኛው ዓይኔ ነው ከእንግዲህ ቀና ብዬ የማያቸው? አንገቴን ደፍቼ ነው የምገባው።"

እንግዲህ ያን ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። ሽቦ በሮቹን ወደ አዲሱ ቦታ ስታዛውር ለጣቢያዎቹ ሁሉ ማስታወቂያ ጽፋ ነበር፤ ይሄ ወደዚህ ተዛውሯል፣ ያ ወደዚያ ተዛውሯል እያለች። ትንሿን ፕሪንተር ግን ሆን ብላ ተወቻት። ከጣቢያ ሆኖ ወደዚያች ፕሪንተር የሚጽፍ ሰው አለ ብላ በይፋ ማስታወቂያ ላይ ትጻፍ? ምሥጢራቸውን በአደባባይ ታሰጣ? "እሱን ማታ ራሴ እነግረዋለሁ" አለች። ያን ቀን ከሰዓት ወይዘሮ ዋና ጠራቻትና ስለ ቀለበቱ ነገረቻት። ማታ የሚነግር ሰው ጠፋ።

ጸጥታውን የሠራችው ራሷ ናት። በራሷ እጅ። ሁለት ዓመት ተኩል የሰው በር ዘግታ፣ "ምነው አላንኳኳም?" ብላ ቂም ስትቋጥር ኖረች። የዚያን ማሽን ጠባይ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም እኮ! አንዴ፣ አንዲት ቀን፣ እስቲ ልየው ብትል ኖሮ። ግን ተናድዳ ነበር፤ ንዴቷ ደግሞ ይጣፍጣት ነበር።

የመጨረሻው ደብዳቤ የሃያ ስድስት ቀን ዕድሜ ነበረው፦

"በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ። ይሄን ሁሉ አንብበሽ ‘ደርሶኛል’ እንኳ ካላልሽኝ፣ አንቺ ብዬ የመጥራት መብቴ አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ ‘እርስዎ’ እልሻለሁ። ምነው አንጀትሽን ባቆሰለው። ይኼው፣ በቀሌ ይሄ ብቻ ነው፤ ከዚህ የባሰ ሞከርኩ፣ አልሆንልህ አለኝ። ሐሳብሽን ከለወጥሽ አንዲት ቃል ትበቃኛለች።"

ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጨርሻለሁ ያለችው ልቅሶ ሁሉ መጣ። ራሷን ጠላች፤ እሱን ናፈቀች።

ቀና ስትል ሰዓቱ አራት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

"ውይ አፈር ልብላ!" ብላ ብድግ አለች። ስብሰባ አዳራሹ ሁለት ፎቅ ወደ ላይ ነው። ፋይሉን ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ፕሪንተሯ ላከችው፤ በአዲሱ በር። ፕሪንተሯ ክርርር ማለት ስትጀምር የመጀመሪያውን ክንድ ወረቀት ገንጥላ፣ የቀረውን እያተመች ትታት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት የቦርድ አባላት ተደርድረዋል። መሐል ላይ ወይዘሮ ዋና፣ በልጇ ኩራት ደረቷን ነፍታ። መሐንዲሱ ኪቦርዱ ላይ አጎንብሷል፤ ትእዛዙ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው የመጨረሻው ቁልፍ ነው። ጣቱን አነሳ።

"አትጫን!"

ሁሉም ዞሩ። ሽቦ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ወረቀቱ ከእጇ እስከ ወለሉ ተንዘርፍፎ።

"ምን ማለት ነው ይሄ?" አለች ወይዘሮ ዋና። "ማን አስገባሽ?"

ሽቦ እሷን አላየቻትም። እሱን ብቻ ነው ያየችው።

"ቦታው የድሮው ነው" አለችው እያለከለከች። "በሩን ነቅዬዋለሁ። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ እኔ። ብትጫነው ‘ተጠናቋል’ ይልሃል፤ ፕሮሰሰሩ ግን አይደርሰውም።"

መሐንዲሱ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ።

"ትናንት ጠየቅኩሽ" አለ። "‘ምንም የለውም’ አልሽኝ።" እርስዎታው ከአፉ መጥፋቱን ራሱም አላወቀም።

"ዋሸሁህ።"

"አውቀሽ?"

"አውቄ። እዚህ ሰው ፊት እንድትዋረድ ፈልጌ። ያውም የላይ ሰፈር ሰው ውሃ አጥቶ እያለ። ሌሊቱን በሙሉ ስደሰት ነው ያደርኩት።"

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው እህ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ወይዘሮ ዋና ብድግ አለች።

"ሰማችሁ? በአፏ ነው የተናገረችው! ድሮም ብዬ ነበር። የዘበኛ ልጅ አስተምረን፣ ማሽን አስረክበን... በይ ቁልፉን አስቀምጪና ከዚህ ውጪ። ዛሬውኑ!"

"እወጣለሁ" አለች ሽቦ። የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ከቁልፉ ጋር ቁራጭ ሽቦ ተጎትቶ ወጣ። "መባረሩ ይገባኛል፣ አልከራከርም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎትና እወጣለሁ። ልጅዎ ቀለበት ያሰረው መቼ ነበር?"

መሐንዲሱ ቀስ ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። "ማን ነው ቀለበት ያሰረው?"

ወይዘሮ ዋና መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገችው። አንገቷ ድረስ ቀላች። ከዚያች መኪና መስኮት ጀምሮ ሽቦ ለማየት ስትመኘው የኖረችው ፊት ይሄው ነበር፤ ያውም ከተመኘችው አስበልጦ። ጣፈጣት። ምን ይዋሻል፣ እስከ አጥንቷ ድረስ ጣፈጣት።

"እኔ... ለአንተ ብዬ ነው" አለች ወይዘሮ ዋና በመጨረሻ። "እናት ነኝ።"

መሐንዲሱ ወደ ኪቦርዱ ዞሮ "አዲሱ ቦታ የት ነው?" አለ፤ ሽቦን። ድምፁ ደርቋል። ሽቦ እያንዳንዱን ቃል ነገረችው፤ እሱ ጻፈ፤ ጣቶቹ ሁለቴ ሳቱ። ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ "ተጠናቋል" አለ። ሁለቱም ይህን ቃል ላለማመን አንድ ላይ ጎንበስ ብለው የፕሮሰሰሩን የእትም ቁጥር ፈለጉ። ቁጥሩ ተቀይሯል። የሙከራ ስሌቱ ገባ፤ መልሱ ልክ ወጣ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የላይ ሰፈር ታንከር ባዶነቱን ሳይዋሽ ተናገረ፤ ፓምፑም ተነሳ። ማንም አላጨበጨበም።

ሽቦ ወደ በሩ ሄደች።

"ቆይ" አለ መሐንዲሱ። "እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

ሽቦ ወረቀቱን ዘረጋችለት። ተቀበለና አነበበ። የራሱ ቃላት ናቸው። "ከዚህ የባሰ ሞከርኩ፣ አልሆንልህ አለኝ።"

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከድሮው ቦታ። ዛሬ ጠዋት ነው ያገኘሁት።"

"ዛሬ?"

"የፕሪንተሯን በር ሳዛውር ለጣቢያው አልጻፍኩም። ለአንተ ራሴ ልነግርህ ነበር። ያን ቀን እናትህ ጠሩኝ..." እንባዋን ጠረገች። "አንተ ስትልክ ማሽኑ አንድ ቦታ ሲያጠራቅመው ኖረ። አንዱም አልደረሰኝም። አንዱም።"

"ሁሉም?" አለ። "ሁሉም አልደረሰሽም?"

"ሁሉም። ታች እየታተመ ነው።"

መሐንዲሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ተኩል የጠላት ሴት የለችም ለካ። ሽቦም ሁለት ዓመት ተኩል የጠላችው ሰው የለም። ሁለቱም ቂማቸውን ይዘው የሚጥሉበት አጡ።

"እማዬ" አለ ቀና ሳይል። "ዛሬ ስትወጪ መኪናሽን በሩ ላይ ታቆሚያለሽ። ትወርጂና የሽቦን አባት በእግርሽ ቆመሽ ይቅርታ ትጠይቂያቸዋለሽ። እኔም እጠይቃቸዋለሁ፤ ሦስት ሳምንት አንገቴን ደፍቼ አልፌያቸዋለሁ።"

ወይዘሮ ዋና መልስ ፍለጋ የቦርድ አባላቱን አየች። ሦስቱም ወረቀታቸውን ያገላብጡ ጀመር።

"በአንቺም ተናድጃለሁ" አለ መሐንዲሱ ወደ ሽቦ እያየ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ልትቀብሪኝ ነበር።"

"ልቀብርህ ነበር።"

"ገና በደንብ እንጣላለን።"

"እንጣላ" አለች ሽቦ። "የፈለግኸውን ያህል።"

ወረቀቱን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችው። የመጨረሻዋን መስመር በጣቷ ነካችው፤ "አንዲት ቃል ትበቃኛለች" የምትለዋን። ከታች፣ ከሁለት ፎቅ በታች፣ የትንሿ ፕሪንተር ክርርታ በተከፈተው በር ይሰማል፤ ገና ብዙ ደብዳቤ ቀርቷታል። ሽቦ እናቱን ረሳች፣ ቦርዱን ረሳች፣ ቁልፏ ጠረጴዛው ላይ መቅረቱን ረሳች። ሁለት ዓመት ተኩል የዘገየችውን መልስ ከእንባዋ ጋር እየታገለች፣ እንዲሰማት ቀና ብላ አለችው።

"ደርሶኛል።"